በዓለ ሃምሳን ያለ እንጀራ

ሥጋ ባትበሉ ጾመኛ ተብላችሁ ትመረቃላችሁ። ማር ባትበሉ ጥርሷን አሟት ይሆናል ይሏችኋል። እንጀራ አልበላም ያላችሁ ቀን ግን አለቀላችሁ፤ አገር ተሰብስቦ ይተረጉማችኋል። ይኼን የምለው ሰምቼ አይደለም። እኔው ራሴ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ሰቆጣ ላይ አንድ በዓለ ሃምሳ ሙሉ እህል የሚባል በአፌ ሳላዞር ከርሜ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ ነው። ሴቶች ቀረብ በሉ። ወንዶችም ብትሰሙ አይከፋም፤ ነውሩ ካለፈበት ቆይቷል።

መጀመሪያ ነገሩን ያመጣው ባሌ ደምሴ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ሳቂታ፣ ግን ልክና መጠን የሚባል አያውቅም። ለፋሲካ ዋዜማ ኮረም ደርሶ ሲመለስ ከአሥመራ የመጣ ነው የተባለ ቀሚስ ይዞልኝ መጣ። ሰማያዊ ነው፣ ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ከጀርባው በዚፕ የሚዘጋ።

«ነጋዴው የሚስትህ ወገብ ምን ያህላል ቢለኝ እንዲህ ብዬ አሳየሁት» አለኝ፣ በሁለት እጁ አየሩን አቅፎ እያሳየኝ።

ያቀፈው ወገብ የእኔ አልነበረም። የሙሽርነቴ ነው። ከተጋባን አምስት ዓመታችን! ይኼ ሰውዬ ከሰርጉ ወዲህ አይቶኝ አያውቅም እንዴ ብዬ ልቆጣ ስል፣ ፊቱን ባየው እንደ ልጅ ያበራል። ጓዳ ገብቼ ለካሁት። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ ግድግዳ ተደገፍኩ፤ ዚፑ ከወገቤ በላይ አልሄድም አለ። ለባሌ «ጠበበኝ» ማለት ደግሞ ሞቴ ነው። ወጥቼ፣

«ይኼማ የክት ነው፤ ለፋሲካ ጭስ አላዋርደውም። ለጰራቅሊጦስ የአክስቴ ልጅ ስትዳር እለብሰዋለሁ» አልኩት። ምን አፌን በላኝ!

በእኛ አገር እኮ ሴት ቀጠነች ማለት ባሏ አያበላትም ማለት ነው። ልቅጠን ብላ የምትነሳ ሴት አልታየችም፤ እንዴት እንደሚቀጠንም የሚያውቅ የለም። ከአንዲት ሰው በቀር። ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ለተብርሃን አሥመራ ሳለች ለአንዲት ጣሊያን እመቤት ስትሠራ የኖረች ናት። ሄጄ ጆሮዋ ሥር ተነፈስኩላት።

«እዋይ ሓፍተይ፣ እህቴ!» አለች፣ ወገቤን በዓይኗ ከለካች በኋላ። «እሱ ቀላል ነው። የሚያሰፋሽ እህል ነው። እንጀራ ተዪ፣ ዳቦ ተዪ፣ ሽሮ ተዪ፣ ማርም ቢሆን። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ጎመን እንዳሻሽ ብዪ። ሴኞራዬ እንዲህ አድርጋ የልጇ ቀሚስ ልኳ ሆነ።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ። ጊዜውም ገጠመልኝ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምበትም። የአበርገሌ ፍየል በየቤቱ የሚታረድበት፣ ቅቤ የሚረክስበት ወቅት ነው። እንዲህ ያለውን ብልሃት በዐቢይ ጾም የሞከረ ሰው በሳምንቱ ፍትሐት ይደረግለታል።

በፋሲካ ማግስት ከገበታው ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ ሥጋውን ከወጡ ለቅሜ ባዶውን መብላት ጀመርኩ። ደምሴ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እንጀራውስ?»

«ሆዴን ይነፋኛል። አስጠልቶኛል።»

ይኼን ስል አማቴ ቀና አሉ። እማማ ትርንጎ ይባላሉ፤ የጋዝጊብላ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ደምሴም አንድ ልጃቸው ነው። አማርኛ ሲፈልጉ ይናገራሉ፤ ሲቆጡና ሲጸልዩ ግን በኽምጣንጋ ነው። የእኔ ኽምጣንጋ ደግሞ ከሰላምታ ስለማያልፍ፣ እየተቆጡኝ ይሁን እየጸለዩልኝ ለይቼ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ምንም አላሉም። ብቻ ከራሳቸው ድርሻ አንድ እንቁላል አንስተው ፊቴ አስቀመጡ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሚከተለው አይገባችሁም። በአምስት ዓመት ትዳር ልጅ አልወለድንም። ይኼንን ደግሞ አገሩ ሁሉ በየወሩ ያውቅ ነበር። እንዴት ብትሉ፣ የወር አበባዋ የመጣ ሴት የማርያምን ቅጽር አትገባም፤ ከውጭው በር ካለው ወይራ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። እዚያ የቆመ ሰው «ምነው?» አይባልም፤ ግን ዓይን አለ አይደል! እማማ ትርንጎ ሰንበት ሰንበት ወደ ውስጥ ሲያልፉ ወይራውን አንድ ጊዜ ገልመጥ ያደርጋሉ። እዚያ ካዩኝ ዝም ብለው ይገባሉ። አንድም ቀን «ምነው ልጄ፣ ዘገየ?» ብለውኝ አያውቁም። ብለውኝ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር እኔ ወይራው ሥር እንደ ድንጋይ እከብድ ነበር።

እናላችሁ፣ ከእንጀራ ተጣላሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴን አዞረኝ፤ አፌ ሸተተ፤ ጠባዬም ተለወጠ። ጎረቤት ገብስ ስትቆላ ሽታው ሲደርሰኝ ቆሜ አለቀስኩ። ደምሴ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ ጭልፋ ወረወርኩበት። በግንቦት ልደታ ደግሞ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቀቅሎ ሲበላ፣ እኔ አንዲት ፍሬ በጥርሴ ይዤ ሰው የዞረ መስሎኝ መሬት ላይ ተፋኋት። ሰው አልዞረም ነበር።

«አስጠላት?» አለች አንዷ።

«እህ» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ እህል ጠላች፣ ሥጋና እንቁላል አማራት፣ ያለ ነገር ታለቅሳለች፣ ባሏን በጭልፋ ትፈነክታለች። በዚህ ላይ ሰንበት አልፎ ሰንበት ሲመጣ፣ ወይራው ሥር የለችም! ቀጥ ብላ ቅጽር ትገባለች። እኔ እኮ ራሴ ልብ አላልኩትም። የሚታየኝ ዚፑ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ጓዳ ገብቼ ስንት ጥርስ እንደወጣ አያለሁ።

አንድ ጠዋት እንስራውን አንስቼ ወደ ምንጭ ልወርድ ስል እማማ ትርንጎ ከጀርባዬ ነጠቁኝ።

«ዛሬ እኔ እወርዳለሁ። ወገቤ ይፍታታበታል።»

የስልሳ ዓመት ባልቴት! በማግስቱ ማገዶውን ከለከሉኝ፣ በሳልስቱ ወፍጮውን። ከዚያ የደምሴ ጠባይ ተቀየረ። ከገበታ ስነሳ እጄን ይይዘኛል። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ የትውልድ ሐረጉን ጮክ ብሎ ያነባል።

«ይስሐቅ ጥሩ ስም አይደለም?» ይለኛል።

«ለማን?»

«ለ... ለተማሪ። አዲስ ለሚመጣ ተማሪ።»

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝስ ምን ላድርግ? በእኛ ዘንድ ያልደረሰ ነገር ስሙ አይጠራም፤ ዓይን ያርፍበታል። «አርግዘሻል» የሚለኝ ቢኖር «ኧረ በፍጹም» እል ነበር። ማንም ምንም አላለኝም! ያልተባለ ነገር እንዴት ይካዳል? የነፍስ አባታችን ሊባርኩን መጥተው እንኳ የሚመጣውን የሰኔ ጾም አንስተው «ለደከመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አትጨክንም» አሉኝ፣ ወደ ጣሪያው እያዩ።

«እኔ አልደከምኩም አባ፤ እንደማንኛውም ሰው እጾማለሁ።»

«ይገርማል!» አሉ ወደ እማማ ትርንጎ ዞረው። «እንዲህ ሆና እጾማለሁ ትላለች። መንፈሳዊ ናት።»

እማማ ትርንጎም ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምክደው ሁሉ ለጽድቄ ይቆጠርልኝ ጀመር።

ቀሚሱማ ምን ሆነ አትሉም? ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ዚፑ እስከ ላይ ወጣ። ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ! አውጥቼ ልብስ ማስቀመጫው ላይ ዘረጋሁት። ከገበያ ስመለስ የለም። እማማ ትርንጎ «አቧራ ነክቶት ነበር፤ እንዲስተካከል ልኬዋለሁ» አሉ። በሰርጉ ጠዋት ከልብስ ሰፊው መጣ። ጉዴን ብታዩ! ግራና ቀኙ ተተርትሮ አቡጀዲ ገብቶበታል፤ ወገቡ ላይ የጥጃ ያህል ሆድ ይይዛል።

«ያፍንሻል ብዬ ነው። የጠበቀ ልብስ ደግ አይደለም» አሉ።

ለዚህ ቀሚስ እኮ ነው ሃምሳ ቀን እህል ያልቀመስኩት! እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች። እንደ ድንኳን ተተክዬ ሰርጉን ዋልኩ። ደምሴ ደግሞ ዙሪያዬን ይዞርና «ኮረም ሳየው እንዲህ ሰፊ አልነበረም እኮ» ይላል፤ መልሶም ፈገግ ይላል። ሙሽራዋን ያየ የለም፤ ሴቱ ሁሉ የሚያየው የእኔን አቡጀዲ ነው።

የሚያሳፍረው ግን ይኼ አይደለም። የሚያሳፍረው፣ እኔም ማመኔ ነው። ሰው ሁሉ ሲያምን አንቺ ብቻሽን ምን ቤት ነሽ? ወር አልፎ ወር መጥቷል፣ ወይራውን ረስቼዋለሁ። ማንም በሌለበት እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። ምንም የለም፤ እንዲያውም ጠፍጣፋ ነው። ገና ነው እላለሁ። አምስት ዓመት የለመንኳት ማርያም በእንቁላልና በፍየል ሥጋ አልፋ መጣችልኝ ብዬ፣ ይስሐቅ የሚለውን ስም እንኳ ወድጄው ነበር።

የሰኔ ጾም ገባ። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። እህል ካልበላሁ የቀረኝ ጎመን ብቻ ሆነ። እንደ ፍየል ቅጠል ለቀም እያደረግኩ ሁለት ሦስት ቀን ቆየሁና ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩ፤ ሻይ ልጠጣ ሳይሆን ደስታዬን ለአንድ ሰው ላወራ።

«ለተብርሃን፣ ወይራው ሥር መቆም ቀርቶልኛል» አልኳት በሹክሹክታ።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ከመቼ ወዲህ?»

«ከፋሲካ።»

«እህሉን ከተውሽ ጀምሮ?» አፏን በእጇ ያዘች። «እዋይ! ሴኞራዬም እኮ ቀርቶባት ነበር!»

«አርግዛ?»

«የምን እርግዝና! ሐኪም መጥቶ አያት። ሁሏንም ሴት እንዲህ አያደርግም፤ እህል ትታ ባንድ ጊዜ የከሳችውን ግን አንዳንዴ ይገጥማታል አለ። ሰውነት ዘመኑ ክፉ ነው ብሎ ሲፈራ ዘሩን ጎተራ ያስቀምጣል፤ ወር አበባ ይቀራል። ዳቦ ብዪ አላት፤ በላች፤ ጊዜ ወስዶ ተመለሰላት።»

«ይኼን የምትነግሪኝ ዛሬ ነው?»

«አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ወገብ ነዋ!»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ እንባ ቀደመኝ። ለተብርሃን ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ «እንደዚያም ላይሆን ይችላል እኮ፤ እኔ ሐኪም ነኝ?» እያለች። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። እያለቀስኩ በላሁት። እግዜር ይይልኝና፣ ከዚያ ዳቦ የጣፈጠ ነገር እስከ ዛሬ አልበላሁም።

ቤት ስገባ በሶ በጠበጥኩ። እማማ ትርንጎ ከጋዝጊብላ የመጣላቸው ገብስ ነው። ስጠጣ አይተው «ተመስገን፣ እህል ተቀበለች!» ብለው ሌላ በጠበጡልኝ። አሁን ልናገር ብዬ ወገቤን አጠበቅሁ።

«እማማ፣ ልነግርዎ የምፈልገው ነገር አለ። እኔ እኮ... ምንም የለም።»

«አዎን ልጄ። ምንም የለም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እውነቴን ነው፤ የሚያስቡት ነገር ላይኖር ይችላል።»

«እኔ ምን አሰብኩ? ምንም አላሰብኩ። ምንም የለም እንበል» አሉና ጥቅሻ! አማቴ፣ እኒያ ቁጥብ ሴት፣ ጠቀሱኝ!

ከዚያ አልጋቸው ሥር ገቡና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋ ጥላ። ከመቀሌ ነው ያስመጡት።

«ስለት አለብኝ» አሉ። «ለሰኔ ሃያ አንድ ማርያም አስገባዋለሁ። የምን ነው አትበይኝ።»

አላልኳቸውም። ስለት በእኛ ደብር በዝምታ አይገባም፤ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ቆመው «እገሊት ይኼን ብላ ለምና ይኼ ደርሶላት» ብለው ያውጃሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። እኒህ ባልቴት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በእኔ ምክንያት ሊዋረዱ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ፣ በየቀኑ በሶዬን እየጠጣሁ ዝም አልኩ። ይኼን ጊዜ እኮ ተስፋዬም ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ማን ያውቃል እላለሁ።

ሰኔ ሃያ አንድ ጎህ ሲቀድ ታወቀ። መጣ።

ሆዴን ይዤ ጓዳ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ታመምኩ ብል ሰፈሩን ጠርተው ሊያዋልዱኝ ነው። ዝም ብዬ ቅጽር ብገባስ? አበስኩ ገበርኩ! ይኼንንስ አላደርገውም። ነጠላዬን ለበስኩና ከኋላቸው ተከተልኩ። ከፊት ደምሴ ጥላውን በትከሻው ይዞ፣ ቀጥሎ እማማ ትርንጎ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው፣ እኔ ከሁሉ ኋላ። ያካፋል። በሩ ጋ ስንደርስ እነሱ ወደ ውስጥ፣ እኔ ወደ ወይራው ታጠፍኩ።

እማማ ትርንጎ እግራቸው መድረኩን ሊረግጥ ሲል ዞሩ። አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ቢያንስ ይኼ ዕዳ አለብኝ። ደምሴ ጥላውን እንደተሸከመ መሬት መሬቱን አየ። ያን ፊቱን ከማይ ወይራው ቢወድቅብኝ እመርጥ ነበር።

የነፍስ አባታችን ጥላውን ሊቀበሉ ወጡ። እማማ ትርንጎ ጠጋ ብለው በጆሯቸው ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ቄሱ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ እሳቸው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ጥላውን ይዘው ገቡ። እማማ ትርንጎ ደምሴንም «ግባ አንተ» ብለው ገፉት። እሳቸው ግን አልገቡም። ጭቃውን እየመረጡ ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

ወይራው ሥር የነበሩት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ባለጌ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይኼ ካለፈብዎት ስንት ዘመኑ!» አለች።

«ልጅነቴ ናፈቀኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም በእንባዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ።

ቅዳሴው ተጀመረ። ቆይተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለመሆኑ፣ አርግዣለሁ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላልኩም እማማ።»

«እኔስ አርግዘሻል ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው ማን ዋሸ? ምን ያስለቅስሻል?»

እህሉን፣ ቀሚሱን፣ ለተብርሃንን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። «ለዚያች ለጣሊያን ቀሚስ?» አሉ መጨረሻ ላይ። «እኔ ደግሞ አቡጀዲ አስገባሁበት?» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው! ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ በማርያም ቅዳሴ፣ ይስቃሉ።

ዝናቡ እስኪያባራ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ እንደቆሙ ቀሩ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ የቄሱ ድምፅ ከቅጽሩ ውስጥ ተሰማ፤ ስለት እያወጁ ነው። የእሳቸውን ስም ሲጠሩ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ወለተ ማርያም ትርንጎ ልጅ ስጪኝ ብላ ለምና ነበር» አሉ ቄሱ። «ስለቷን ስታስገባም፣ ልጅስ ማርያም ከሰጠችኝ አምስት ዓመት ነው፤ ልጄ ዛሬም ከደጅ ቆማልኛለች፤ ዘግይቼ ነው ያመሰገንኩት፣ ይቅር በሉኝ ብላለች።»

ውስጡ እልልታ በእልልታ ሆነ። እማማ ትርንጎ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«እልል በዪ እንጂ! ላንቺ ስለት ሰው ብቻውን እልል ይበልልሽ?»

እኔ ክንዳቸው ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ያዝኩ። የእኔንም ጨምረው እሳቸው እልል አሉልኝ።